በ«ገና ነው» እና በ«አልፏል» መካከል

ይድረስ፦ የፓርኪንሰን ሕመምተኞችን ለምትከታተሉ የነርቭ ሐኪሞች ሁሉ

ጤና ይስጥልኝ።

ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት በእስክሪብቶ ነው። ስልክ ላይ መተየብ ይቀል ነበር። ግን ከጥቂት ዓመታት በፊት ስሜን እንኳ አስተካክዬ መፈረም ያቃተኝ ሰው ነኝ። ስለዚህ ይህችን ታህል ጉራ ብትፈቅዱልኝ ደስ ይለኛል። ገልብጦ የተየበው ልጄ ነው። ከእኔ ይልቅ እሱ ነው የደከመው።

መምህር ነበርኩ። ሕመሜን ቀድመው ያወቁት ተማሪዎቼ ናቸው። ከኋላ ያሉት «ቲቸር፣ አይታየንም» ማለት አበዙ። ሰሌዳ ላይ መስመሩን ከግራ ስጀምረው ደህና ነው። ወደ ቀኝ ሲሄድ ግን ፊደሉ እያነሰ፣ እያነሰ፣ መጨረሻው ላይ የጉንዳን ሰልፍ ይሆናል። እኔ በዓይናቸው አሳበብኩ። ቀጥሎ ስራመድ ቀኝ እጄ መወዛወዙን ተወ። መንቀጥቀጡ የመጣው ከሁሉም በኋላ ነው። እሱ ሲመጣ ማሳበቢያ አጣሁ።

ደብዳቤውን ያስጻፈኝ ግን የእኔ ሕመም አይደለም። አንድ ጥያቄ ነው። የጠየቁትም አንዲት እናት ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዲቢኤስ ለሚባለው፣ አንጎል ውስጥ ሽቦ አስገብቶ በኤሌክትሪክ ለሚሰጥ ሕክምና ግምገማ በተመላለስኩበት ወር፣ መጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ ከአንድ አዛውንት ጋር ተዋወቅን። ጋሼ ነበር የምላቸው። ከባለቤታቸው ጋር ይመጣሉ። እግራቸው ወለሉ ላይ ተጣብቆ እምቢ ሲላቸው፣ እትዬ ክንዳቸውን ይዘው «አንድ፣ ሁለት፣ አንድ፣ ሁለት» እያሉ ያስኬዷቸዋል። ጋሼ ከታመሙ 16 ዓመት ሆኗቸው ነበር። ስለዚህ ሕክምና ለብዙ ዓመት ጠይቀዋል። መልሱ ሁሌም አንድ ነው። «ገና ነው። መድኃኒቱ እየሠራልዎት ነው። እሱ የመጨረሻ አማራጭ ነው።»

ውጤታቸው የተነገራቸው ቀን እዚያው ተቀምጬ ነበር። ሐኪሙ በትህትና ነው ያስረዳቸው። መድኃኒት ወስደው ጥሩ በሚባሉበት ሰዓትም ይወድቃሉ። የማስታወስ ፈተናው ላይ ብዙ ቀርቷቸዋል። ቀዶ ሕክምናው ከሚጠቅማቸው ይልቅ ሊጎዳቸው ይችላል። ባጭሩ፣ ጊዜው አልፏል። ሊወጡ ሲሉ እትዬ በሩ ላይ ዞር አሉና «ታዲያ ጊዜው መቼ ነበር?» ብለው ጠየቁ።

የመለሰላቸው የለም።

ያ ሐኪም ልክ ነበር። ይህን አስምሬበት ማለፍ እፈልጋለሁ። ጋሼን በዚያ ቀን አይሆንም ማለቱ እሳቸውን ከጉዳት ማዳን ነው። ጥፋቱ ያለው ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ውስጥ ነው። «ገና ነው» ሲባል ከርሞ በአንድ ጊዜ «አልፏል» የሚባል ከሆነ፣ በመካከል «አሁን ነው» የሚባልበት ቀን ነበረ ማለት ነው። ያ ቀን ማንም ሳይናገረው አለፈ። ደብዳቤዬ ስለዚያ ቀን ነው።

ግልጽ ደብዳቤ ስለሆነ ሐኪም ያልሆነም ያነበዋል። ለእነሱ ስል ስለ ነገሩ ትንሽ ልበል። እናንተ የምታውቁትን ስደግም ታገሱኝ።

ሙሉ ስሙ ዲፕ ብሬይን ስቲሙሌሽን ነው። የራስ ቅል በትንሹ ተበስቶ፣ ውፍረቷ 1.3 ሚሊሜትር ገደማ የሆነ ሽቦ ወደ አንጎል ውስጥ ትገባለች። ፓርኪንሰን ላይ ብዙ ጊዜ ጫፏ የምታርፈው ሰብታላሚክ ኒውክለስ በተባለች፣ ከባቄላ ፍሬ በማትበልጥ ቦታ ነው። ብዙውን ጊዜ በግራም በቀኝም አንዳንድ ይገባል። ሽቦዎቹ በቆዳ ስር በአንገት ወርደው ደረት ላይ ከተቀበረ ባትሪ ጋር ይገናኛሉ። ባትሪው ሌትና ቀን፣ በሰከንድ 130 ጊዜ ገደማ፣ ጥቃቅን የኤሌክትሪክ ምት ይልካል። ፓርኪንሰን ዶፓሚን የተባለውን የአንጎል መልእክት አስተላላፊ ቅመም የሚያመርቱ ሴሎች እየሞቱ ሲሄዱ የሚመጣ ሕመም ነው። ዶፓሚኑ ሲጎድል እንቅስቃሴን የሚያስተዳድሩት የአንጎል ክፍሎች አንድ ዜማ ላይ እንደተጣበቀ ካሴት ይሆናሉ። ኤሌክትሪኩ ያንን የተጣበቀ ምት ያፈርሰዋል። እንዴት እንደሚያፈርሰው ተመራማሪዎች ዛሬም ይከራከራሉ። የእኔ እጅ ግን ክርክሩ እስኪያልቅ አልጠበቀም።

አጀማመሩን ሳነብ በጣም ነው የገረመኝ። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠራቸው።) ድሮ መንቀጥቀጥ ሲጠና፣ ቀዶ ሐኪሞች ታላመስ የሚባለው የአንጎል ክፍል ውስጥ አንዲት ነጥብ ያቃጥሉ ነበር። የተቃጠለ ነገር አይመለስም። ስለዚህ ከማቃጠላቸው በፊት ቦታው ልክ መሆኑን በኤሌክትሪክ ይሞክሩታል። በ1987 ፈረንሳይ፣ ግረኖብል ከተማ፣ አሊም ልዊ ቤናቢድ የተባሉ ሐኪም ሙከራው ላይ ሳሉ የምቱን ፍጥነት ከፍ አደረጉት። በሰከንድ ወደ 100 ሲጠጋ የሰውየው እጅ ጸጥ አለ። ኤሌክትሪኩ ሲቆም መንቀጥቀጡ ተመለሰ። ማቃጠል ሳያስፈልግ፣ ሊጠፋና ሊበራ በሚችል ነገር ያው ውጤት ተገኘ ማለት ነው። በ1990 አሜሪካ ውስጥ ማህሎን ዴሎንግና ባልደረቦቻቸው፣ ፓርኪንሰን መሰል ሕመም በያዛቸው ጦጣዎች ላይ ሰብታላሚክ ኒውክለስን ዝም ሲያሰኙት እንቅስቃሴያቸው እንደሚመለስ አሳዩ። በ1993 የግረኖብሎቹ ሽቦዋን እዚያች ቦታ ላይ በሰው አስገቡ። ቤናቢድና ዴሎንግ በ2014 ላስከር የተባለውን ታላቅ የሕክምና ሽልማት አብረው ወሰዱ።

እንግዲህ አስቡት። እኔ «ገና ነው» በተባልኩበት ጊዜ ይህ ሕክምና አዲስ ነገር አልነበረም። ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። በዓለም ዙሪያ ከ160 ሺህ በላይ ሰው ተደርጎለታል።

አሁን ወደ እኔ ልመለስ።

የጎደለውን ዶፓሚን የሚተካውን ክኒን፣ ሌቮዶፓን፣ ስጀምር ተአምር ነበር። እናንተ የጫጉላ ጊዜ ትሉታላችሁ፤ ስሙ ትክክል ነው። በቀን 3 ጊዜ ክኒን እውጣለሁ፣ ከዚያ ሰው ነኝ። አምስተኛው ዓመት ላይ ጫጉላው አለቀ። ክኒኑ ቶሎ ቶሎ ይለቀኝ ጀመር። 3 የነበረው 4፣ ከዚያ 6 ሆነ። በእኛ አነጋገር «ኦን» እና «ኦፍ» ይባላል። ኦን ሲሆን ትሄዳለህ፤ ኦፍ ሲሆን ከወንበር መነሳት የመንደር ወሬ የሚያህል ጉዳይ ይሆናል። ችግሩ ኦኑም ንጹህ አይደለም። መድኃኒቱ ጫፍ ላይ ሲደርስ ሰውነቴ ሳላዘው ይወራጫል፣ ትከሻዬ ይጨፍራል። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ እንዲህ ስሆን አንዱ ተማሪ ለጓደኛው «ቲቸር ጠጥቷል» ሲል ሰማሁት። በዚያው ዓመት ማስተማር ተውኩ።

ሐኪሜን ጠየቅሁ። «ገና ነው» አለኝ። በዓመቱ ጠየቅሁ። «ገና ነው፤ አንጎል መከፈት ቀልድ መሰለህ?» አለኝ። ሦስተኛው ዓመት ላይ መጠየቅ አፈርኩ። ይህንን ስሜት ታውቁት እንደሆነ አላውቅም። ሕመምተኛ ሁለት ጊዜ ከተመለሰ ሦስተኛውን አይደግምም። የከፋበት መምሰል ይፈራል፤ ሐኪሙን ማስቀየም ይፈራል። ዝም ሲል ደግሞ «ተስማምቶታል» ተብሎ ይጻፍለታል።

እኔን ያተረፈኝ ዕድል ነው። ሐኪሜ ፈቃድ ወጥቶ፣ የተካችው ወጣት ሐኪም ፋይሌን ገለጠች። በቀን ስንት ጊዜ እንደምውጥ፣ ስንት ሰዓት ኦፍ እንደምሆን፣ ስንት ሰዓት እንደምወራጭ ጠየቀችኝ። በጣቷ ቆጠረች። ከዚያ «እስካሁን ለምን ለግምገማ አልተላኩም?» አለችኝ። የቆጠረችው እናንተ 5-2-1 የምትሉትን ነው። በቀን 5 ጊዜና ከዚያ በላይ ሌቮዶፓ፣ 2 ሰዓትና ከዚያ በላይ ኦፍ፣ 1 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚያስቸግር መወራጨት። ከሦስቱ አንዱ ካለ ሰውየው ቢያንስ ይታይ ማለት ነው። እኔ ሦስቱንም ይዤ ሁለት ዓመት ቁጭ ብያለሁ። ቆጠራው የፈጀው ሁለት ደቂቃ አይሞላም።

«የመጨረሻ አማራጭ» የሚለው አባባል ከየት እንደመጣ ይገባኛል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እውነት ነበር። መድኃኒቱ ሁሉ ያለቀለት ሰው ነበር የሚላከው። ነገር ግን በ2013 የታተመው የጀርመንና የፈረንሳይ ጥናት አለ። 251 ሰዎች፣ በአማካይ የ52 ዓመት ዕድሜ፣ በአማካይ 7 ዓመት ተኩል የታመሙ። ግማሹ መድኃኒት ብቻ፣ ግማሹ መድኃኒትና ዲቢኤስ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ሽቦ የገባላቸው የኑሮ ጥራት መለኪያ በ26 በመቶ ተሻሻለ። የሌሎቹ ባለበት ቀረ፤ እንዲያውም 1 በመቶ ወረደ። በ2016 የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ቢያንስ 4 ዓመት ለታመሙና መድኃኒቱ መዋዠቅ ገና ለጀመራቸው ሰዎች ፈቀደ። ልብ በሉ፣ ለጀመራቸው እንጂ ላለቀላቸው አይደለም።

ሚዛናዊ ልሁን። እነዚያ 251 ሰዎች ተመርጠው ነው የገቡት፤ ከ60 ዓመት ያለፈ አልነበረባቸውም። የተሠራለትም ያልተሠራለትም የቱ ወገን እንዳለ ያውቃል፤ ይህ ደግሞ ስሜትን ይነካል። በ2009 የወጣው የአሜሪካ ጥናት ደግሞ በ6 ወር ውስጥ በቀን 4.6 ሰዓት ያህል ጥሩ ጊዜ እንደሚጨምር አሳይቷል። መድኃኒት ብቻ የወሰዱት ጋ ጭማሪው ዜሮ ነው። ግን በዚያው ጥናት ከባድ ችግሮች በቀዶ ሕክምናው ወገን በብዙ በልጠዋል። አንድ ሰውም አንጎሉ ውስጥ ደም ፈስሶ ሞቷል። ይህን ሳውቅ ነው የፈረምኩት። 4.6 ሰዓት ለጤነኛ ምን እንደሆነ አላውቅም። ለእኔ ራሴ የምጎርስበት፣ ራሴ የምታጠብበት፣ ከልጄ ጋር ቆሜ የማወራበት ጊዜ ነው።

ስለ ቀዶ ሕክምናው ልንገራችሁ፤ እናንተ ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ ሆናችሁ ነው የምታዩት።

ከማታው ጀምሮ መድኃኒት የለም። ስለዚህ በዕድሜዬ የከፋውን ጠዋት ተነሳሁ ማለት ነው። ጭንቅላቴ ላይ የብረት ቀለበት በብሎን ታሰረ። ማደንዘዣው ለቆዳው ብቻ ነው፤ አንጎል ራሱ አይታመምም። መሰርሰሪያው ያሰማው ድምፅ ጆሮ የሚሰማው ሳይሆን ጥርስ የሚሰማው ነው። ይህንን ማንም አይነግርህም። ከዚያ ሁሉም ጸጥ አለ፤ ከድምፅ ማጉያው የሚያንሾካሽክ ነገር ይሰማ ጀመር። ጣቢያ ያልያዘ ሬዲዮ ይመስላል። ቀስ እያለች ሽቦዋ ስትወርድ ድምፁ በአንዴ ደመቀ፣ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርደው። «የፈለግነው ሰፈር ገብተናል» አለ አንዱ። የራሴን የነርቭ ሴሎች እያዳመጥኩ ነበር። እዚያው ተጋድሜ፣ እነሱ ናቸው እንግዲህ ዓመቱን ሙሉ ሲጮሁብኝ የነበሩት፣ አልኩ።

«ጣትዎን ይክፈቱ፣ ይዝጉ» አሉኝ። ሸክም እንደ ማንሳት ነው። ኤሌክትሪኩን ለቀቁት። «አሁንስ?» ጣቴ ቀለለ። ሌላው ነገር የለም። ብርሃን አልበራልኝም፤ ዘፈን አልሰማሁም። ጣቴ ብቻ የእኔ ሆነ። ትንሽ ሲጨምሩት ምላሴ ተሳሰረ፣ «ሰኞ፣ ማክሰኞ» በል ሲሉኝ ማክሰኞ ላይ ቀረሁ። ቀነሱት። ቦታዋ ሚሊሜትር ብትስት ሌላ ነገር እንደምትነካ ያኔ ገባኝ። ዛሬ ሙሉ በሙሉ ተኝተው፣ በኤምአርአይ እየታዩ የሚሠራላቸውም አሉ። ንቁ መሆን ለሚያስፈራው ሰው ይህም ይነገረው።

ቀጥሎ የሆነውን ሳልናገር ብቀር ግን ደስ አይለኝም። ከቀዶ ሕክምናው በነጋታው፣ መሣሪያው ገና ሳይበራ፣ ድኜ ነበር። እጄ አይንቀጠቀጥም። እሄዳለሁ። ባለቤቴ አለቀሰች፤ ዘመድ ተጠራ። በሁለት ሳምንቱ ሁሉም ነገር ተመለሰ። ከሸፈ ብዬ ሦስት ቀን ከሰው ሳልነጋገር ተኛሁ። ለካ ሽቦዋ ስትገባ በቦታው ላይ የምትፈጥረው እብጠት ራሱ ለጥቂት ቀናት ሕመሙን ያስታግሳል። የታወቀ ነገር ነው። መጽሐፍ ላይ ስምም አለው። ለእኔ ግን ማንም አልነገረኝም። አንዲት ዓረፍተ ነገር እነዚያን ሦስት ቀናት ታድነኝ ነበር።

ማብራቱም ኢንተርኔት ላይ እንዳለው ቪዲዮ አይደለም። ቪዲዮዎቹ ውሸት አይደሉም፤ በተለይ መንቀጥቀጥ በሰከንዶች ውስጥ ጸጥ ሊል ይችላል። ግን ቪዲዮው ያበቃል፣ ሕይወት ይቀጥላል። እኔን ለማስተካከል ግማሽ ዓመት ፈጅቷል። የትኛው የሽቦ ጫፍ ይሥራ፣ ኤሌክትሪኩ ስንት ሚሊአምፒር ይሁን፣ እያንዳንዱ ምት ምን ያህል ይርዘም። በዚያው መካከል መድኃኒቱ እየተቀነሰ ይሄዳል። በጣም ሲቀነስ ምንም ነገር አላስደስት አለኝ። ሲጨምሩልኝ ደግሞ ምላሴ ፈጠነ፣ የማያስፈልገኝን ሁሉ መግዛት አማረኝ። ይህንን ቀድማ ያየችው ባለቤቴ ናት። ቀጠሮ ላይ ቤተሰብን ውጭ አታስቀምጡ የምላችሁ ለዚህ ነው። ሕመምተኛው እንዲህ ሲሆን ራሱን አያይም። እንዲያውም ደስ ብሎታል።

ያልተስተካከለልኝም አለ። ድምፄ ቀጥኗል። ስልክ ላይ «ጮክ በል» ይሉኛል፣ መምህር የነበርኩትን ሰውዬ። ሚዛኔ እንደ ድሮው አይደለም። ሕመሙም አልቆመም፤ ከስር ከስር ይሄዳል። ዲቢኤስ ፓርኪንሰንን አያድንም፣ አያዘገይም። ሕመምተኞች ይህንን ሲሰሙ የሚከፋቸው ይመስላችኋል። በእኔ በኩል ያስከፋኝ ዘግይቼ መስማቴ ነው። አንድ ሕግ ብቻ ቢነገረን ብዙ ይገባናል። ሌቮዶፓ የሚያስተካክለውን ዲቢኤስም ያስተካክለዋል፤ ሌቮዶፓ ያላስተካከለውን ዲቢኤስም አያስተካክለውም። መንቀጥቀጥ ብቻ ነው ከዚህ የሚወጣው፤ መድኃኒት እምቢ ያለው መንቀጥቀጥ ለዲቢኤስ እሺ ይላል። ለግምገማ ስንመጣ መድኃኒት ሳንወስድና ከወሰድን በኋላ ነጥብ የምትሰጡን፣ ቢያንስ 30 በመቶ ያህል መሻሻል የምትፈልጉትም ለዚህ ነው። ይህንን ሕግ ጋሼ ቀድመው ቢያውቁት፣ መድኃኒቱ ላይ ሆነው መውደቅ በጀመሩበት ሰሞን ራሳቸው ይደነግጡ ነበር። በሩ እየተዘጋ መሆኑን ያውቁት ነበር።

ነገሩ የፓርኪንሰን ብቻም አይደለም። ዲስቶኒያ ያለባቸው ልጆች አሉ። ጡንቻቸው ሳይፈልጉ ይጠመዘዛል፤ አንገት፣ ጀርባ፣ እግር። ለእነሱ ሽቦዋ የምትገባው ሌላ ቦታ፣ ግሎበስ ፓሊደስ ላይ ነው። ውጤቱም በደቂቃ አይታይም፤ ሳምንታትና ወራት ይፈልጋል። ዲዋይቲ1 የሚባለው በዘር የሚመጣው ዓይነት ላይ ለውጡ ብዙ ጊዜ በጣም ጥሩ ነው። እዚህ ላይ መዘግየት የሚያስከፍለው ዋጋ በዓይን ይታያል። ለዓመታት የተጠመዘዘ መገጣጠሚያ እዚያው ደርቆ ይቀራል፣ አከርካሪም ይጣመማል። ያኔ አንጎሉ ቢስተካከልም አጥንቱ አይከተለውም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለእነዚህ ልጆች ነው።

አንዳንዶቻችሁ «ያለ ጊዜው ብንነግራቸው የውሸት ተስፋ እንሰጣለን» እንደምትሉ ሰምቻለሁ። ሕመምተኛው እኮ ቪዲዮውን አይቶታል። ተስፋውን ይዞት ነው የሚመጣው። ቀሪው ጥያቄ ያንን ተስፋ መልክ የሚያስይዘው ማን ነው የሚለው ነው። እናንተ ዝም ስትሉ የ40 ሰከንድ ቪዲዮ ሐኪም ይሆናል።

«መሣሪያው ውድ ነው፣ በየቦታው አይገኝም» የሚልም አለ። እውነት ነው። የማያገኙት ከሚያገኙት ይበዛሉ። መናገር ግን ሽቦም ባትሪም አይፈልግም። የማይችል ሰው እንኳ ምን እንዳመለጠው ሳያውቅ እንዲያመልጠው መወሰን የእናንተ ሥራ አይመስለኝም። ሰው ቤት ሸጦ፣ ዘመድ አስተባብሮ፣ አገር አቋርጦ የሚሆን ነገር ያደርጋል። ወይም አይሆንልኝም ብሎ በልቡ ይቆርጣል። ሁለቱም የእሱ ነው።

የምለምናችሁ ብዙ አይደለም። ፓርኪንሰን ነው ብላችሁ በምትነግሩን ዓመት፣ ወደፊት እንዲህ ያለ ሕክምና እንዳለ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጥቀሱልን። ፈርተን ብንሸሽም ችግር የለውም፤ ቃሉ ጆሯችን ውስጥ ይቀራል። ከዚያ በየቀጠሮው በጣታችሁ ቁጠሩ፤ 5፣ 2፣ 1። ሲሞላ ላኩን። መላክ ማለት መቁረጥ አይደለም፤ የነርቭ ሐኪሙ፣ ቀዶ ሐኪሙ፣ የማስታወስና የስሜት መርማሪው ተቀምጠው የሚወስኑት ነው። አንድ ሐኪም ብቻውን ከወንበሩ ሳይነሳ በ«ገና ነው» አይዝጋው። «ገና ነው» ማለት ካለባችሁም፣ እስከ መቼና ለምን እንደሆነ ፋይሉ ላይ ጻፉት፣ ለእኛም ንገሩን። «መድኃኒቱን ቀን 4 ጊዜ ብቻ ስለምትወስድ ነው፣ በ6 ወር እናየዋለን» ብትሉኝ በደስታ እጠብቃለሁ። ቀን የሌለው ቀጠሮ ነው የሚያስፈራኝ።

ከገባልን በኋላ ደግሞ አትርሱን። የማይሞላው ባትሪ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ዓመት ነው የሚቆየው። ሳይታወቅ ድንገት ካለቀ ሰውየው በሰዓታት ውስጥ እንጨት ሊሆን ይችላል፤ ሕይወትንም ያሰጋል። የእኔ የሚሞላ ነው፤ በሳምንት አንድ ቀን ደረቴ ላይ አስደግፌ ቴሌቪዥን አያለሁ። የእናንተን ክፍል ለማያውቅ ሌላ ሐኪም ወይም ፊዚዮቴራፒስት የምናሳየው ካርድ ስጡን። ዲያተርሚ የሚባለው በሙቀት ሞገድ የሚሰጥ ሕክምና ሽቦዋን አንጎል ውስጥ ሊያግል እንደሚችል ሁሉም ባለሙያ አያውቅም። እኔን አንዱ ለወገቤ ሊያደርግልኝ አልጋ ላይ አስተኝቶኝ ነበር። ካርዱን ሳወጣ ነው የደነገጠው።

እትዬን ካለፈው ዓመት ወዲህ አላገኘኋቸውም። ስልካቸው አለኝ። መደወል አስቤ ሁለት ጊዜ ትቼዋለሁ። ጥያቄያቸውን መልሼ ልነግራቸው የምችለው ነገር ስለሌለኝ ነው። ምናልባት ከእናንተ አንዱ ያውቀው ይሆናል፤ ፋይላቸው እናንተ ዘንድ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የቀድሞ መምህር

ተጨማሪ፦ ልጄ ተይቦ ሲጨርስ «አባዬ፣ ዋናን ረሳኸው» አለኝ። ዋናውን ነገርማ ጽፌዋለሁ አልኩት። «ዋናውን አይደለም፣ ዋናን ነው!» አለ። እውነቱን ነው። በ2019 የዙሪክ ሐኪሞች ዘጠኝ ሰዎችን አስመዝግበው ነበር። ሁሉም ጎበዝ ዋናተኞች ነበሩ። ዲቢኤስ ከገባላቸው በኋላ እጅና እግራቸውን ማቀናጀት አቅቷቸው መዋኘት አልቻሉም። ሦስቱ መሣሪያውን ሲያጠፉት ወዲያው መዋኘት ቻሉ። በመሬት ላይ ደህና ስለሚሄዱ ማንም አልጠረጠረም። እኔ ይህንን ያነበብኩት ከልጄ ጋር ገንዳ ከገባሁ በኋላ ነው። ጥልቀት ወዳለበት አልሄድኩም ነበር፤ ሁለቴ እጄን ወርውሬ ወደ ታች መሄድ ስጀምር በብብቴ ይዞ አወጣኝ። እንግዲህ እሱንም ንገሩን።